የወይን ወዳጆች ግሩፕ ለምን ዝም ይላል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከዓመት በፊት ቴሌግራም ላይ የወይን ጠጅ ወዳጆች ግሩፕ ከፍቼ ነበር። አሁን ወደ 400 ሰው ደርሰናል። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ፣ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይም አሉ። መጀመሪያ ላይ ሞቅ ያለ ነበር። ከዚያ አንዲት አዲስ አባል ጣፋጭ ቀይ ወይን ከኮካ ጋር ቀላቅላ መጠጣት እንደምትወድ ጻፈች። ስለ ወይን ብዙ የሚያውቅ አንድ አባላችን ‹ይሄ ወይን መጠጣት አይባልም፤ አንቺ ለስላሳ ጠጪ› አላት። ብዙ ሰው ሳቀ። ልጅቷ በማግስቱ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የሚጽፉት አምስት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የሚያወሩት ስለ ውድ ጠርሙስ ነው። ሰውዬውን ላስወጣው? ግሩፑንስ እንዴት ነው ነፍስ የምዘራበት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጋሼ ካልሽኝ አይቀር እኔም አንቺ ልበልሽ።

ከ400 ሰው አምስት ስድስቱ ብቻ መጻፋቸው ብቻውን አያስደነግጥም። ጄከብ ኒልሰን የሚባል የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ጉዳይ ጽፎበታል። በአብዛኛው የኢንተርኔት ስብስብ ከ100 ሰው 90ው አንብቦ ያልፋል። 9ኙ አልፎ አልፎ ጣል ያደርጋል። አብዛኛውን የሚጽፈው ያ የቀረው አንዱ ነው። በዚህ ሒሳብ አንቺ ጋ በደንብ የሚጽፉት አራት ቢሆኑ ደንብ ነው። ስድስት አሉሽ።

የሚያሳስበኝ መሃል ላይ ያሉት ናቸው። አልፎ አልፎ ጣል የሚያደርጉት፣ በሒሳቡ ሠላሳ ስድስት ያህል ሰዎች። እነሱ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ሞቅ ያለ ነበር ያልሽው እነሱ ስለነበሩ ነው። አሁን የሉም። የሰለቻቸው አይመስለኝም። ያቺ ልጅ የደረሰባትን አይተው አፋቸውን ዘጉ።

ለመሆኑ ልጅቷ ምን አጠፋች? ከጣፋጩ እንጀምር። ፈረንሳይ ውስጥ ከቦርዶ በስተደቡብ ሶተርን የሚባል አካባቢ አለ። እዚያ የወይኑ ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ ሻጋታ እስኪይዘው ይጠበቃል። ሻጋታው ውሃውን ይመጠዋል፣ ስኳሩ ይቀራል። ሻቶ ዲኬም የሚባለው ስመ ጥር እርሻ ከአንድ የወይን ግንድ የሚያገኘው አንድ ብርጭቆ ያህል ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዚህ እርሻ የ1811 ምርት የሆነ አንድ ጠርሙስ በ75,000 ፓውንድ ተሸጧል። ጣፋጭ ነጭ ወይን ነው። ሰውዬሽ «ለስላሳ» ሊለው ይደፍር እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ኮካውም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ስፔን በባስክ አገር ቀይ ወይንና ኮካ እኩል በእኩል በበረዶ ቀላቅለው ይጠጣሉ። ስሙ ካሊሞቾ ነው። በበዓላቸው ቀን መንገድ ዳር ቆመው፣ ማንንም ሳያፍሩ። እኛም አገር ሥጋ ቤት ተቀምጦ ቀይ ወይን በአምቦ ውሃ ወይም በኮካ የሚያቀጥን ሞልቷል። እኔ በግሌ አልወደውም፤ የወይኑን ሽታ ይገድለዋል። ግን ያ የእኔ አፍ ነው።

ደግሞ የሚገርመኝ፣ ይህን ጨዋነት ከሌላ አገር መማር አያስፈልገንም ነበር። ጠጅ ቤት አንዱ ለስላሳ ያዛል፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ደረቅ። ደረቅ የያዘው ለስላሳ በያዘው ላይ አይስቅም። ሁለቱም ብርሌያቸውን ይዘው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ጠርሙሱ ላይ የፈረንጅ ፊደል ሲኖር ነው እንዲህ የሚያደርገን።

አሁን ወደ «አዋቂዎቹ» እንምጣ። እኔ ከዚህ ሙያ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ቢከፋቸውም ልናገር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮበርት ሆጅሰን የሚባል ሰው በግዛቲቱ ትልቅ የወይን ውድድር ላይ የሚፈርዱ ዳኞችን ፈትኗል። ሳይነግራቸው ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ሦስት ጊዜ ያቀርብላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ለዚያው ወይን ሦስቱንም ጊዜ ተቀራራቢ ነጥብ የሰጡት ከአሥር ዳኞች አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። አንዳንዱ ዳኛ ደግሞ ያንኑ ወይን አንዴ ወርቅ ሲሸልመው አንዴ ነሐስ ይሰጠዋል። ቦርዶ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት 54 የወይን ሳይንስ ተማሪዎች በቀይ ቀለም የተቀባ ነጭ ወይን ቀረበላቸው። የሸተታቸውን ሲጽፉ ለቀይ ወይን የሚባሉትን ቃላት ደረደሩ። ዓይን አፍንጫን ይመራል ማለት ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የቁንዶ በርበሬው ነገር ነው። ሲራ የሚባል የወይን ዝርያ አለ። ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ያለው የካስቴል እርሻም ይተክለዋል፤ ሪፍት ቫሊ ሲራ ብለሽ ሱፐርማርኬት ታገኚዋለሽ። የወይን መጽሐፍ ሁሉ ስለ ሲራ ሲናገር «ቁንዶ በርበሬ ይሸታል» ይላል። እውነት ነው፣ የቁንዶ በርበሬውን ሽታ የሚሰጠው ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር ወይኑ ውስጥም አለ። አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ለይተው አወጡት። ከዚያ ሰዎችን ሲፈትኑ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ይህን ሽታ ጨርሶ አያሸተውም። መጠኑን ቢጨምሩለትም ምንም። አፍንጫው ለዚያ ነገር አልተሠራም።

እንግዲህ አስቢው። ግሩፕሽ ውስጥ 400 ሰው ካለ ሰማንያ የሚሆኑት ሲራ ቀምሰው ቁንዶ በርበሬ ሊሸታቸው አይችልም። አንዷ «እኔ ምንም አልሸተተኝም» ብላ ብትጽፍና አንዱ «ገና አልለመድሽም» ቢላት ተሳስቷል። የተናገረችው ስለ ራሷ አፍንጫ ነው፤ ትክክል ናት። ይህን አንድ ነገር አባላቱ ሁሉ ቢያውቁት ግማሹ ፍርሃት ይወገድ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የቀረው ፍርሃት ከቃላቱ ነው። ብላክከረንት፣ ቸሪ፣ ጉዝቤሪ… አብዛኞቻችን በዓይናችን አይተናቸው አናውቅም። እንዴት እናሸታቸዋለን? ያደግንበትን እንጠቀም። ካቤርኔ ሶቪኞን የሚባለው ቀይ ዝርያ ያልበሰለ ፍሬ ሲገባበት የሚሸተው ቃሪያ ነው፤ ፒራዚን የሚባለው ንጥረ ነገር ቃሪያውም ውስጥ አለ። ሻርዶኔ የሚባለው ነጭ ዝርያ በበርሜል ከቆየ ለጋ ቅቤ ሊሸት ይችላል። ሌላው ነጭ ዝርያ፣ ሪዝሊንግ፣ ሲያረጅ ላምባ ይሸታል። አልቀለድኩም፣ ላምባ። ፈረንጆቹም በራሳቸው ቋንቋ እንደዚያው ነው የሚሉት። ላምባ ምድጃ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ከማንም ቀድሞ ይለየዋል። አጋም፣ እንጆሪ፣ ዘቢብ፣ ቅርንፉድ፣ ጤና አዳም፣ የተቆላ ቡና፣ የእጣን ጭስ፣ የረጠበ አፈር፣ ሁሉም ይሁን። ግሩፑ በጊዜ ብዛት የራሱ መዝገበ ቃላት ይኖረዋል። እሱን አንድ ቦታ ሰብስቢው።

አሁን ወደ ሥራው። ያለኝ ምክር አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእሱ ማገር ነው። ሰዎቹ በአንድ ማታ አንድ ዓይነት ወይን ይቅመሱ።

ለምን? አሁን ግሩፕሽ ውስጥ አንዱ ዋሽንግተን ሆኖ ከካሊፎርኒያው የወይን አገር ከናፓ የመጣ ጠርሙስ ይለጥፋል። ሌላው ከዱባይ ኤርፖርት የገዛውን ይለጥፋል። የሐዋሳዋ ልጅ አይታ ላይክ ታደርጋለች፣ ሌላ ምን ትበል? አልቀመሰችው። እንደ ሰርግ አልበም ማየት ብቻ ነው። ሁሉም የቀመሱት ነገር ሲሆን ግን ሁሉም የሚለው አለው።

አዲስ አበባ ላለው ጠርሙሱን ንገሪው፣ ውጭ ላለው ዝርያውን። ሲራ ዓለም ላይ ሁሉ አለ፣ አውስትራሊያ ሲሄድ ሺራዝ ይባላል። ሜርሎ፣ ካቤርኔ፣ ሻርዶኔም እንደዚሁ፤ የዝዋዩ እርሻ እነዚህንም ይተክላል። ከዚያ ልዩነቱ ራሱ ወሬ ይሆናል። አንድ ማታ ደግሞ ለጣፋጭ ስጪ። ያኔ አክሱማይት ይምጣ፣ ውጭ ያለው የደረሰበትን ጣፋጭ ይክፈት። እኔ ብሆን ይሄን ማታ ሩቅ አላደርገውም፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ አደርገው ነበር።

እንዲህ ያለ መልእክት ፒን አድርጊ፦

«ዐርብ ማታ 2 ሰዓት። የዛሬው ሲራ ነው። አገሩና ዋጋው አይጠየቅም። አንድ ሁለት ጉንጭ ቅመሱና ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ። አፍ ያደርቃል ወይስ አያደርቅም? ምን ሸተታችሁ? ደግማችሁ ትቀዱታላችሁ? ‹ምንም አልሸተተኝም› ሙሉ መልስ ነው። ያልገዛችሁም ሻያችሁን ይዛችሁ ኑ።»

ሰው የቀመሰውን ከመጻፉ በፊት ግን ፖል ይቅደም። ቴሌግራም ላይ ማን ምን እንደመረጠ የማይታይበት ፖል አለ፣ እሱን አድርጊ። «ወደድኩት፣ አልወደድኩትም፣ ገና አላወቅኩም።» ምክንያቱም አንድ አዋቂ ቀድሞ «ቸሪ» ካለ ሁሉም ቸሪ ይሸተዋል። አፍንጫ በቀላሉ ይታለላል፣ የቦርዶዎቹን ተማሪዎች አስታውሺ። ስለዚህ አንድ ሕግ አውጪ፦ ብዙ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ዝም ይላሉ። ሕጉን እነሱም ይወዱታል፤ መጨረሻ ላይ መናገር ክብር አለው። ስድስቱ ሰዎች ወሬውን ሁሉ ከወሰዱት ደግሞ ስሎው ሞድ አብሪው። እያንዳንዱ ሰው አንዴ ከጻፈ በኋላ የተወሰነ ደቂቃ ይጠብቃል። ሌላው መተንፈሻ ያገኛል።

ሰዓቱን አትርሺ። የእኛ ማታ 2 ሰዓት ዋሽንግተን ገና እኩለ ቀን ገደማ ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። ቅምሻው እስከ እሑድ ማታ ክፍት ይቆይ።

ሙቀቱንም ንገሪያቸው፣ ብዙ ሰው ወይኑን የሚጠላው በዚህ ነው። ቀይ ወይን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ጥሩ ነው። «ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም» የሚባለው የቀዝቃዛ አገር ወሬ ነው። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ቀዩንም ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠው፣ አለዚያ የሚሸተው አልኮሉ ብቻ ነው። ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። ወይኑ እርጥብ ካርቶን ወይም ተዘግቶ የከረመ ምድር ቤት ከሸተተ ደግሞ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ጥፋቱ የጠጪው አይደለም። አዲስ ሰው እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲገጥመው «እኔ ወይን አይገባኝም» ብሎ ይተወዋል፣ ያሳዝናል።

ገንዘቡም ይታሰብ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ለቅምሻ 50 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለአሥራ አምስት ሰው ይደርሳል። አንድ ሰፈር ያሉ አባላት ተዋጥተው አንድ ይክፈቱ። እግረ መንገዱን ሰዎቹ ፊት ለፊት ይተዋወቃሉ። ፊቱን በምታውቂው ሰው ላይ መቀለድ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሰውዬውን ላስወጣው ወይ ላልሽው፣ አሁን አታስወጪው። ግን ዝም ብለሽ አትለፊው። ይህን የመሰለ ነገር በኢንቦክስ ላኪለት፦ «ወንድሜ፣ ስለ ወይን ካንተ ብዙ ተምረናል። ለአዲሷ ልጅ የሰጠሃት መልስ ግን ሌሎችንም አሸማቅቋል፣ ከዚያ ወዲህ የሚጽፍ ሰው የለም። የሚመጣው ዐርብ ላይ አዲስ ሰዎች ለሚጠይቁት የምትመልሰው አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል።» አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው እውቀቱ እንዲታይለት ነው። ሥራ ከተሰጠው መናከሱን ይተዋል። ከደገመው ግን አስወጪው፣ ምክንያቱንም ግሩፑ ላይ አትተንትኚ።

እኔን ከእሱ ይልቅ ያሳሰቡኝ የሳቁት ናቸው። አንድ ሰው ክፉ ቢናገርና አሥር ሰው ዝም ቢል ልጅቷ አትወጣም ነበር። ስለዚህ ግሩፑ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ «እዚህ ማንም ሰው በሚወደው ነገር አይሳቅበትም፤ ኮካም ቢሆን።» በቃ። ስብከት አታድርጊው። ለልጅቷ ደግሞ ለብቻዋ ጻፊላት፣ ይቅርታ ጠይቂያት፣ ተመለሺ ብለሽ ግን አትጨቅጭቂያት።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ፣ ግን መኖሩን እገምታለሁ። ሴቶቹ አንድ ነገር ሲጽፉ ኢንቦክስ የሚገባባቸው ወንድ አለ። «ወይን ትወጃለሽ እንዴ? እንገናኝና…» ዓይነት። አንቺ አድሚን ስለሆንሽ ላይደርስብሽ ይችላል። ጠይቂያቸው። ሴቶች ዝም ያሉበት ግሩፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ የወይን እውቀት ማነስ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለተኛ ዕድል የለም፦ ሳይፈቀድለት ኢንቦክስ የገባ ወዲያው ይወጣል። ይህንንም ከመግቢያው ሕግ ላይ በግልጽ ጻፊው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ። አባሎችሽ ሁሉ እንደ ልባቸው የሚጠጡ ሰዎች አይደሉም። ቤተሰቡ የማያውቅበት አለ። የቤተ ክርስቲያን ሰው የሆነ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓረብ አገር ያሉትን አስቢ። ዱባይ በፈቃድ ይሸጣል፤ ኩዌት ግን አልኮል በሕግ የተከለከለ ነው። እዚያ ለሥራ የሄደች ልጅ ግሩፕሽ ውስጥ ሆና ወሬውን ብቻ እያነበበች ሊሆን ይችላል። ስሟ የወይን ወዳጆች ዝርዝር ላይ መታየቱ ራሱ ጣጣ ሊያመጣባት ይችላል። ስለዚህ የአባላት ዝርዝሩን ደብቂው፣ መቶ ሰው ያለፈ ግሩፕ ላይ ቴሌግራም ይፈቅዳል። ስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ የሚያደርጉበትን መንገድ አሳዪያቸው። «የብርጭቆህን ፎቶ ካልለጠፍክ አንቀበልህም» የሚባል ጨዋታ አይኑር። ማንም አገሩን እንዲናገር አይጠየቅ።

«በሞቴ» ለድግስ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም። እኛ ቀማሾች ሥራ ላይ ስንሆን ቀምሰን እንተፋለን፣ ማንም አይታዘበንም። ያቆመ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ መኪና የሚነዳ፣ መድኃኒት ላይ ያለ፣ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ሻዩን ይዞ ይቀመጥ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ግን አይግባ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለዚያ ዕድሜ አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል።

ነጋዴዎችም መምጣታቸው አይቀርም። ክፉ አይደሉም፣ ግን በየመሃሉ «ከዱባይ የገባ፣ ዋጋ በኢንቦክስ» ከጀመሩ ወሬው ይሞታል። ግሩፑን በቶፒክ ክፈይውና ለሽያጭ አንድ ለብቻ ስጪ፣ ከዚያ ውጭ የተለጠፈ ይጥፋ። ያው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስለከለከለ፣ ድርጅት ገንዘብ ልክፈልሽና አስተዋውቂልኝ ካለሽ እሺ ከማለትሽ በፊት ሕግ አዋቂ አማክሪ።

በመጨረሻ ጾሙን በአቆጣጠርሽ ውስጥ አስገቢው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ በጾም አልኮል የማይነካ ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ ዐርብ ማታውን አትሰርዢው፤ ያለ ብርጭቆ አድርጊው። የሚወራ ሞልቷል። ለምሳሌ ዝዋይ እንደ አውሮፓ በረዶ የለም፣ ስለዚህ የወይኑ ግንድ ክረምት መጣ ብሎ አይተኛም። ታዲያ መቼ እንዲያብብና መቼ እንዲያፈራ የሚወስነው ማነው? መቀሱን የያዘው ገበሬ ነው፤ የሚገርዝበትን ቀን መርጦ። እርሻ ላይ የሠራ ወይም ግብርና የተማረ አባል ከ400 ሰው ውስጥ አይጠፋም። አፈላልጊውና ያን ማታ መድረኩን ለእሱ ስጪው። ቅምሻውን ግን ከሁዳዴ በፊት ቢያንስ ሦስት አራት ዐርብ አስለምጂያቸው፣ አለዚያ በፋሲካ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው።